የለማጅ ሜዳ

መኪና መንዳት የሚማር ሰው የመጀመሪያ ቀን ትምህርቱን መርካቶ መሃል አይጀምርም። አሠልጣኙ ወደ ሰፊና ባዶ ሜዳ ይወስደዋል። በዚያ ሜዳ ሞተሩ ቢጠፋበት፣ መሪው ቢያመልጠው፣ ፍሬንና ነዳጅ ቢምታታበት የሚጎዳ መንገደኛ የለም። ሜዳው የተመረጠው ተማሪው መሳሳቱ እንደማይቀር ስለሚታወቅ ነው። አሠልጣኙ የሚያስበው «ይሳሳት ይሆን?» ብሎ ሳይሆን «ሲሳሳት ማን ይጎዳል?» ብሎ ነው።

በኮምፒውተር ሙያም እንዲህ ያለ የለማጅ ሜዳ አለ። ባለሙያዎቹ «ሳንድቦክስ» ይሉታል፤ ልጆች እንደ ልባቸው ሠርተው የሚያፈርሱበት የአሸዋ ሣጥን እንደ ማለት ነው። ፋይል መቅዳት፣ ማዛወርና መሰረዝ የሚለማመድ፣ ወይም ውጤቱን በደንብ የማያውቀውን ትእዛዝ መሞከር የሚፈልግ ሰው፣ እውነተኛው ሥራ ካለበት ስፍራ የተለየ ቦታ ያዘጋጃል። በዚያ ቦታ ያለው ሁሉ ቢጠፋ ማንም ምንም አይጎድልበትም።

ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሣነው ነበር። ነገር ግን ዛሬ በየአጥቢያችን ኮምፒውተር ላይ የሚያገለግሉት ብዙ ጊዜ ወጣቶች ናቸው። የመዝሙሩን ግጥም በስክሪን የሚያሳዩት፣ የአባላትን መዝገብ የሚጽፉት፣ የስብከቱን ቅጂ የሚያስቀምጡት፣ የጽሕፈት ቤቱ ማሽን እንቢ ሲል የሚጠሩት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው የእኛ ነው። ሳይለማመዱ በሰው ንብረት ላይ እጅ ማሳረፍ የችሎታ ማነስ ብቻ ነው ወይስ ኃጢአትም ሊሆን ይችላል? የመለማመጃ ስፍራ ማዘጋጀትስ ብልሃት ብቻ ነው ወይስ ባልንጀራን የመውደድ ግዴታ?

የፈሰሰ ውሃ

በመጀመሪያ አደጋው ምን እንደሆነ እንረዳ። በመስኮት በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ አንድን ፋይል ስንሰርዝ ፋይሉ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ይገባል፤ ተጸጽተን ልናወጣው እንችላለን። በሊነክስ የትእዛዝ መስኮት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «አር ኤም» የሚባለው የመሰረዣ ትእዛዝ ቅርጫት የለውም። ሁለት ተጨማሪ ፊደላት ከታከሉበት ደግሞ አንድን ፎልደር፣ በውስጡም ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ፣ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ሳይጠይቅ ጠራርጎ ያጠፋል።

ስህተቱ ትልቅ መሆን አያስፈልገውም። በአንድ ፎልደር ውስጥ ካሉት ፋይሎች የአንድ ዓይነት ስም ማለቂያ ያላቸውን ብቻ ለማጥፋት፣ ሁሉን የሚወክለውን የኮከብ ምልክት ከማለቂያው ጋር አጣብቀን እንጽፋለን። በኮከቡና በማለቂያው መካከል አንዲት ባዶ ቦታ ከገባች ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደታዘዘ ይቆጥራል፤ ኮከቡንም «ሁሉንም አጥፋ» ብሎ ያነብበዋል። ያለ ማመንታትም ይታዘዛል። ማሽን የተጻፈለትን እንጂ የታሰበውን አያይም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

እምነት ወይስ ድፍረት?

አንዳንድ ጊዜ በመካከላችን እንዲህ ያለ አስተሳሰብ ይሰማል፦ «ጌታ ከእኔ ጋር ስለሆነ መፍራት የለብኝም፤ አስቀድሞ መሞከር፣ መጠንቀቅ፣ ቅጂ ማስቀመጥ እምነት ማነስ ነው።» ቃሉ ጠንካራ ይመስላል። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን ሌላ ነገር ያሳዩናል።

ዳንኤልን እንመልከት። በባቢሎን ቤተ መንግሥት በንጉሡ ማዕድ ላለመርከስ በልቡ ቆርጦ ነበር፤ እምነቱ የሚጠረጠር አይደለም። የጃንደረቦቹ አለቃ ግን ፈራ። ወጣቶቹ ከስተው ቢታዩ የሚቀጣው እርሱ ነውና። ዳንኤል ይህን የሰውየውን ፍርሃት አልናቀም። ለተሾመባቸው ጠባቂ የአሥር ቀን ሙከራ ብቻ እንዲያደርግላቸው ለመነው። ሙከራው በጊዜ የተወሰነ፣ ውጤቱ በዓይን የሚታይ፣ ባይሳካም የሚመለሱበት ነበር። ልብ በሉ፦ ዳንኤል ሙከራውን እንዲህ አድርጎ ያቀረበው ለራሱ ብቻ ብሎ አልነበረም። በእርሱ እምነት ምክንያት የሌላ ሰው ራስ አደጋ ላይ እንዳይወድቅ መንገድ አበጀ።

ዳዊትም የሳኦልን የጦር ልብስ ለብሶ ለመራመድ ከሞከረ በኋላ አወለቀው፤ አልተለማመደበትምና። የተለማመደው በወንጭፍ ነበር፤ ልምምዱንም ያገኘው በጎች በሚጠብቅበት ዱር ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶቻችን።

በሕጉ መጽሐፍም ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ትእዛዝ አለ። በዘዳግም 22 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ያን ጊዜ ሰዎች ጣራ ላይ ይቀመጡ ነበርና። ማንም ገና አልወደቀም። ቤቱም ገና አዲስ ነው። ሆኖም ባለቤቱ ሊወድቅ የሚችለውን ሰው አስቀድሞ እንዲያስብ ይጠበቅበታል፤ ባያስብና ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናል። እንግዲህ በእግዚአብሔር ፊት ፍቅር ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ሐዘን ብቻ አይደለም። ከአደጋ በፊት የሚሠራ መከታም ነው። በእምነት መራመድና ከመቅደሱ ጫፍ ራስን መወርወር አንድ እንዳልሆኑ ጌታ ራሱ ለፈታኙ ከሰጠው መልስ ተምረናል።

ዋጋውን የሚከፍለው ማነው?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ኢንተርኔት ለቀቀው። ፕሮግራሙ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ራሱን እያባዛ የሚሻገር ነበር። ፋይል ለማጥፋት አልተጻፈም። የጊዜው የኮምፒውተር ጥበቃ ደካማ መሆኑን ለማሳየት የታሰበ እንደነበር በፍርድ ቤት ተነግሯል። ሞሪስ ጥንቃቄም አድርጎ ነበር፤ ፕሮግራሙ ወደ አንድ ማሽን ሲደርስ ቅጂው አስቀድሞ እዚያ መኖሩን ይጠይቃል። ነገር ግን ባለቤቶቹ የሐሰት መልስ ሰጥተው እንዳያስቆሙት፣ ከ7 ጊዜ አንዱን «አለ» ቢባልም እንዲገባ አድርጎት ነበር። ያቺ ቁጥር በዛች። በአንድ ማሽን ላይ ቅጂ በቅጂ ላይ ተከመረ፤ ማሽኖቹ ተጨናንቀው ቆሙ። በዚያን ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ከተያያዙት ወደ 60,000 ከሚጠጉ ኮምፒውተሮች 6,000 ያህሉ እንደተነኩ ተገምቷል። ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1990 ተፈርዶበት 3 ዓመት በአመክሮ፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር መቀጮ ተወሰነበት።

ይህን የምናነሣው በአንድ ወጣት ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ሞሪስ ኋላ የተከበረ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኗል። የምናነሣው ጥያቄው እዚህ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ነው። ክፉ ሐሳብ አልነበረም ብንል እንኳ፣ ሙከራው የተካሄደው በማን ማሽን ላይ ነበር? የቁጥሯን ስህተት በተዘጋ ክፍል ውስጥ በጥቂት ማሽኖች ላይ ማየት ይቻል ነበር። የትምህርቱን ዋጋ ግን የከፈሉት ስለ ሙከራው ያልሰሙ፣ ያልተጠየቁ፣ ያልፈቀዱ ሰዎች ናቸው። የእባብን ጉድጓድ በሰው እጅ መለካት ማለት ይህ ነው።

መሳሳት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ የሰው ልጅ የሚማረው እየተሳሳተ ነው። ነገር ግን የእኔን ስህተት ሌላ ሰው እንዲሸከምልኝ ሳልጠይቀው ካሸከምሁት፣ በዚያ ፍቅር ጎድሏል። የለማጅ ሜዳ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሜዳው የትምህርቴን ዋጋ እኔው ራሴ እንድከፍል ያደርጋል።

ሜዳውን ማዘጋጀት

እንግዲህ ኮምፒውተር የምትማሩ ወጣቶች ሜዳችሁን እንዴት ታዘጋጃላችሁ? ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ለልምምድ ብቻ የሚሆን ፎልደር ክፈቱና የማይጠቅሙ ፋይሎችን ራሳችሁ ፍጠሩበት። እውነተኛ ፋይል መሞከር ግድ ከሆነ ቅጂውን እንጂ ዋናውን አትንኩ።

ሁለተኛ፣ የማጥፊያ ትእዛዝ ከመስጠታችሁ በፊት በዚያው አጻጻፍ ዝርዝር ብቻ የሚያሳየውን ትእዛዝ ስጡ። የሚጠፉት ፋይሎች እነማን እንደሆኑ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ያላሰባችሁት ስም በዝርዝሩ ውስጥ ካለ እጃችሁን ሰብስቡ።

ሦስተኛ፣ ከዚህ ለሚከብድ ሙከራ «ቨርቹዋል ማሽን» ተጠቀሙ። ይህ በኮምፒውተራችሁ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ እንደ ቨርቹዋልቦክስ ያሉት በነጻ ይገኛሉ። ከሙከራው በፊት «ስናፕሾት» የሚባለውን፣ ማለትም ማሽኑ በዚያች ሰዓት ያለበትን ሁኔታ አስቀምጡ። ሁሉ ቢበላሽ ወደዚያች ሰዓት ትመለሳላችሁ።

አራተኛ፣ የሜዳውን አጥር አረጋግጡ። የመለማመጃው ማሽን ከዋናው ጋር የሚጋራው ፎልደር ካለ፣ ወይም ከቢሮው ኔትዎርክ ጋር ከተያያዘ፣ አጥሩ ክፍተት አለው። የምትሞክሩት ፋይል አጠራጣሪ ከሆነ ሁለቱንም ዝጉ። የሌሎች ሰዎች መዝገብ ባለበት ኮምፒውተር ላይማ ጨርሶ አትሞክሩት።

አምስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። የቤተ ክርስቲያንን የአባላት መዝገብ ለልምምድ ቀድታችሁ ወሰዳችሁ እንበል። ዋናው አልተነካም፤ ቅጂው ቢጠፋ ምንም አይደለም። ታዲያ ሁሉ ደህና ነው? አይደለም። ቅጂው ፋይሉን ከመጥፋት ጠበቀው እንጂ ሰዎቹን ከመጋለጥ አልጠበቃቸውም። በዚያ መዝገብ ውስጥ የእኅቶች ስልክ ቁጥር፣ የአባቶች የአሥራት መጠን አለ። በአንዳንድ ጽሕፈት ቤትም የጸሎት ጥያቄዎች ይጻፋሉ፦ ትዳሩ የተናጋበት ሰው፣ ሕመሟን ለእናቷ እንኳ ያልነገረች ልጅ። እነዚህ ሰዎች ምስጢራቸውን የሰጡት ለጸሎት ነው፤ ለእኛ የኮምፒውተር ልምምድ አልሰጡም። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የሰው መረጃ ከተሰጠበት ዓላማ ውጭ እንዲሁ የሚወሰድ ነገር አለመሆኑን ያስታውሰናል። እኛ ግን ከአዋጅ በፊት አደራ የሚባል ቃል እናውቃለን። ስለዚህ ለልምምድ የምትጠቀሙበትን መዝገብ ከራሳችሁ ፍጠሩ። «አባል 1፣ አባል 2» ብላችሁ መቶ የሌሉ ሰዎችን መጻፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ኮምፒውተሩም ልዩነቱን አያውቅም።

የት እንደቆማችሁ እወቁ

ሜዳ ያለው ሰው ሁሉ ግን ከአደጋ አመለጠ ማለት አይደለም። ጊትላብ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት የታወቀ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ የድርጅቱ ባለሙያ በመሸ ሰዓት በዳታቤዙ ላይ የተፈጠረ ችግር ለመፍታት ይታገል ነበር። ሁለት ሰርቨሮች ነበሩ፤ አንዱ ዋናው፣ ሌላው የእርሱ ተከታይ ቅጂ። ባለሙያው ቅጂው ላይ ያለ መስሎት የማጥፊያ ትእዛዝ ሰጠ። ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ የቆመው በዋናው ላይ እንደሆነ አስተዋለና አቋረጠው። ከ300 ጊጋባይት ያህል የቀረው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር።

ወደ መጠባበቂያ ቅጂዎቹ ሲሮጡ ደግሞ በየዕለቱ ይዘጋጃል የተባለው ቅጂ ለካ እየከሸፈ ነበር፤ መክሸፉን የሚያሳውቀው የኢሜይል መልእክትም አይደርሳቸውም ነበር። በመጨረሻ ያዳናቸው ምን ነበር? ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ያው ባለሙያ ለመለማመጃው ሰርቨር ብሎ በእጁ ያነሣው ስናፕሾት! ለሙከራ ሜዳ የተዘጋጀው ቅጂ ዋናውን ቤት አተረፈ። የ6 ሰዓቱ ሥራ ግን አልተመለሰም፤ 5,000 ያህል የፕሮጀክት መዝገቦችና 700 ያህል አዲስ ተጠቃሚዎች ጠፉ። ድርጅቱ ነገሩን አልሸሸገም። የማዳኑን ሥራ በቀጥታ ሥርጭት አሳየ፤ የስህተቱንም ዝርዝር በይፋ ጻፈ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ሜዳና ጎዳና መልካቸው አንድ ዓይነት ሲሆን ሰው ይምታታል። ስለዚህ ባለሙያዎች የዋናውን ማሽን መስኮት ቀይ፣ የመለማመጃውን አረንጓዴ ያደርጋሉ፤ ከከባድ ትእዛዝ በፊትም «የት ነው ያለሁት?» ብለው ማሽኑን ስሙን ይጠይቁታል። ሁለተኛው፣ ተመልሶ ያልተሞከረ መጠባበቂያ መጠባበቂያ አይባልም። «አለን» ብለን የምንመካበትን ነገር አንድ ቀን ከፍተን ማየት አለብን። የአጥቢያችሁ ኮምፒውተር ቅጂ ካለው፣ በዚህ ሩብ ዓመት አንዱን ፋይል አውጥታችሁ ሞክሩት።

እዚህ ላይ ስለ ልማድ አንድ ነገር እንጨምር። ሜዳው «ምንም አይደለም» የምንልበት ስፍራ ስለሆነ እጅን ግዴለሽነት ሊያስተምር ይችላል። በሜዳው ሳያነብ ኢንተር የሚጫን ሰው በዋናውም ሳያነብ ይጫናል። ጌታ በሉቃስ 16 በትንሹ መታመንን ከብዙው መታመን ጋር ያያያዘው በከንቱ አይደለም። ሜዳው ስህተትን ይፈቅዳል፤ ግዴለሽነትን ግን አይፈቅድም።

ስናፕሾት የሌለው

አሁን ወደ ጥያቄው ሥር እንውረድ። የኮምፒውተር ልምምድ የሚያስተምረን ትልቁ ነገር ምናልባት በኮምፒውተር የማይሠራውን መለየት ነው። ማሽን ወደ ትናንት ይመለሳል፤ ሰው ግን አይመለስም። በጓደኛ ላይ የተነገረ ቃል፣ የማይፈጸም መሆኑ እየታወቀ ለአንዲት እኅት የተሰጠ የትዳር ተስፋ፣ በቀልድ ስም በቡድን ገጽ ላይ የተለጠፈ የሰው ፎቶግራፍ፣ እነዚህ ሁሉ ስናፕሾት የላቸውም። «እየሞከርሁ ነበር» የሚል ምክንያት የተጎዳውን ልብ ወደ ነበረበት አይመልሰውም። ሰው የመለማመጃ ሜዳ አይደለም፤ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ነው።

«ታዲያ ይቅርታ ምንድን ነው?» የሚል ይኖራል። ይቅርታ የነበረውን እንዳልነበረ የሚያደርግ ስናፕሾት አይደለም። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት እየሞቀ ጌታን ሦስት ጊዜ ካደ። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ ያንን ሌሊት ከታሪክ አልሰረዘውም። በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፣ እንደገና በፍም እሳት አጠገብ፣ ስለ ፍቅሩ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ሦስት ጊዜም በጎቹን አደራ ሰጠው። ክህደቱ እንደ ሆነ ቀረ፤ ጴጥሮስ ግን አልተጣለም። ጌታ ራሱ ከሞት ሲነሣ የችንካሩ ምልክት በእጁ ነበር። የእኛ ተስፋ ያለው ዋጋው በተከፈለበት ይቅርታ ነው፤ የዚህን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ባልንጀራውን በከንቱ ዋጋ አያስከፍልም።

ስለዚህ በየአጥቢያው የምታገለግሉ ታላላቆቻችን፣ ለወጣቶች ሜዳ ስጡ። በትልቁ ጉባኤ ከመስበኩ በፊት በትንሹ ኅብረት ይስበክ፤ በዋናው ኮምፒውተር ከመግባቷ በፊት አሮጌው ማሽን ለልምምድ ይሰጣት። ሜዳ ሳይሰጡ በስህተት መቆጣት ፍትሕ አይደለም። እናንተም ወጣቶች፣ ሜዳ ካልተሰጣችሁ ራሳችሁ አዘጋጁ፤ እስክታዘጋጁም ድረስ «ገና አልተለማመድሁም» ማለትን አትፈሩ። ዳዊት በንጉሥ ፊት ብሎታል፤ ማንም ፈሪ አላለውም።

ለቡድን ውይይት

1. ዳንኤል የጃንደረቦቹን አለቃ ፍርሃት እንዴት አስተናገደው? በእኛ «የእምነት እርምጃ» ምክንያት ሌላ ሰው አደጋ ላይ የሚወድቀው መቼ ነው?

2. በአጥቢያችን ኮምፒውተር ላይ ያለው መረጃ የማን አደራ ነው? ማን ሊያየው ይችላል? መጠባበቂያውስ ተሞክሮ ያውቃል?

3. በቡድናችን ውስጥ አዲስ አገልጋይ ሳይዋረድ የሚሳሳትበት ስፍራ አለ? ከሌለ በዚህ ወር ምን ልናዘጋጅ እንችላለን?